የፍሎረሰንስ ምስል በሕያው ሕዋስ ጥናት
በብርሃን የሚፈካ ቀለም ተጠቅሞ ሕያው ሕዋስን፣ ለምሳሌ ሽፋኑንና በዙሪያው ያለውን ውሃ፣ የማጥኛ ዘዴ ነው። ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ስለሚታከምበት፣ የበሽታውን ባክቴሪያ የሚያሳየው ይህ ዘዴ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሕሙማን ትልቅ ትርጉም አለው። የተለመደው ቀለም ኦራሚን ሰም መሰሉን የባክቴሪያውን ግድግዳ በጥቁር መደብ ላይ ቢጫ አረንጓዴ አድርጎ ያሳያል፤ የሞተውን ከሕያው ግን አይለይም። በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ከትሬሃሎዝ ስኳር ጋር የተጣመረ ቀለም ይህን ክፍተት ይሞላል፦ ውሃ ውስጥ ደብዛዛ ነው፤ ሕያው ባክቴሪያ ስኳሩን ወስዶ ውሃ በማይቀርበው የውጭ ሽፋኑ ላይ ሲተክለው ግን ይደምቃል። የባክቴሪያውን ዲኤንኤ የሚለየው ጂንኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ እያለ ማይክሮስኮፕ ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ለመጀመሪያ ምርመራ እውነት አላቸው፤ ሆኖም መሣሪያው የሞተ ባክቴሪያን ዲኤንኤ ጭምር ስለሚያገኝ መድኃኒቱ መሥራቱን ለመከታተል አይመችም። ባክቴሪያውን አራብቶ ማየት ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል።