ፊደልና የጽሕፈት መኪና

በሌሎች አገሮች አሮጌ የኮምፒውተር መጻፊያ ገበታ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 አይ.ቢ.ኤም. ያወጣውን ሞዴል ኤም የሚወዱት፣ በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ያለው ጠምዛዛ ሽቦ ተጣጥፎ ሲመለስ የሚሰማውን ድምፅና ለጣት የሚሰጠውን ስሜት ሽተው ነው። እኛም ልንሰበስበው የሚገባ ዕቃ አለን፤ እርሱም የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነው።

ጎጃም የቁም ጸሐፊዎች አገር ነው። በዲማ ጊዮርጊስና በሌሎች ገዳማት ብርዕ ይዞ ብራና የሚጽፍ ሰው የፊደል ብዛት አያስጨንቀውም ነበር። መኪናውን ግን አስጨነቀው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሩና ነጥቦቹ ገና ናቸው። ለላቲን ፊደል የተሠራ መኪና ግን 44 ያህል ቁልፍ ብቻ ስለ ነበረው፣ እያንዳንዱ ሁለት ምልክት ቢይዝ እንኳ ከ88 አያልፍም።

መፍትሔ ከፈለጉት ኢትዮጵያውያን መካከል የኢንጂነር አያና ብሩ ስም በቀዳሚነት ይነሣል። ዘዴው ፊደሉን መክፈል ነበር፤ ይኸውም ግዕዙን በአንድ ቁልፍ፣ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ቅጥያ በሌላ ቁልፍ መምታት ነው። ወረቀቱን የተሸከመው ክፍል ከሁለቱ ምቶች በአንደኛው ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ ቅጥያው ከፊደሉ ጋር ይገጥማል። ይሁን እንጂ ቅጥያው ለሁሉም ፊደል በአንድ ስፍራ አይውልም፤ የ«ቡ» ቅጥያ ከወገብ፣ የ«ሩ» ግን ከእግር ነው። ስለዚህ በኦሊቬቲና በመሰል መኪናዎች የተጻፈ ደብዳቤ፣ ቅጥያው ከፊደሉ ተላቅቆ ወይም ተዛንፎ ሲታይ ወዲያው ይለያል።

ከዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ተነሣ፦ መኪናው ለፊደሉ ይስተካከል ወይስ ፊደሉ ለመኪናው? በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ከተሻሩ በኋላ ጎጃምን ከደብረ ማርቆስ ያስተዳደሩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ፣ ከጣልያን ወረራ በኋላ ፊደሉ እንዲሻሻል ሐሳብ ካቀረቡት ሰዎች አንዱ ነበሩ። የጎጃሙ ተወላጅ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም ድምፃቸው አንድ የሆኑ ሞክሼ ፊደላት እንዲቀነሱ ይደግፉ ነበር። ለክርክሩ የመኪናው ጥበት ብቻውን ምክንያት አልነበረም፤ የማስተማር ድካምና የማተሚያ ወጪም አብረው ይነሡ ነበር።

በመጨረሻ የተስተካከለው መኪናው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ። የሚያስገርመው ግን በዛሬው ገበታ ላይ አብዛኞቻችን የምንጽፈው አሁንም በሁለት ምት፣ ተናባቢውን አስቀድመን አናባቢውን በማስከተል መሆኑ ነው። የቀድሞዋ ታይፒስት በጣቷ የተማረችው ስልት አልቀረም፤ ልዩነቱ የተከፈለውን ፊደል ኮምፒውተሩ ሙሉ አድርጎ ማውጣቱ ነው።

ታዲያ አሮጌውን መኪና ለምን እንጠብቀው? የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የመሬት ጉዳይ፣ የሹመት ደብዳቤ ለብዙ ዓመታት የተጻፈው በእርሱ ነው። እነዚህን ሰነዶች ለኮምፒውተር ንባብ ማዘጋጀት የሚሻ ባለሙያ፣ የተላቀቀው ቅጥያ የቱ እንደ ሆነ ካላወቀ «ቡ»ን «በ» ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ በስምና በቁጥር ላይ የሚደርስ ስሕተት ደግሞ ሰውን ከመብቱ ሊያርቅ ይችላል። የዚህ ሁሉ መፍቻ በመኪናው ቁልፎች ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ስለዚህ የማኅበራችን አባላት በየመሥሪያ ቤታቸው ግምጃ ቤት የተቀመጠው መኪና በኪሎ ተመዝኖ ከመሸጡ በፊት ሦስት ነገር ቢያደርጉ መልካም ነው፦ የቁልፎቹን አቀማመጥ በወረቀት መንደፍ፤ ሪባን አልብሰው ፊደሉን ከ«ሀ» እስከ «ፖ» በአንድ ገጽ መጻፍ፤ የት መሥሪያ ቤት እንዳገለገለ መመዝገብ። መኪናው ቢጠፋ እንኳ ያ አንድ ገጽ ለሚመጣው አንባቢ ቁልፍ ሆኖ ይቀራል።