ድርና ማግ፦ የይፋት ሸማና የጎረቤትነት ታሪክ

የይፋት ታሪክ ሲነሣ ቀድሞ የሚወራው ጦርነቱ ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች በዚህ ምድር ነገሡ፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሰብረዲንና አፄ ዓምደ ጽዮን ተዋጉ። የኖራ መስጊድ ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል። እኛ ግን በዚሁ ምድር የደገኛውና የቆለኛው፣ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ እጅ ስለተገናኘበት ሥራ፣ ስለ ሸማ፣ እንጽፋለን።

ቆላው ጥጥ ያበቅላል። መዳመጡና መፍተሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ሥራ ሆኖ ኖሯል። አርጎባዎች ደግሞ በሽመናና በንግድ የታወቁ ናቸው። በክርስቲያን ቤት በእንዝርት የተፈተለ ማግ በሙስሊም ሸማኔ እጅ ጋቢ ሆኖ ይመለሳል። ለጥምቀት የሚለበሰውም ለዒድ የሚለበሰውም ከዚያው መወርወሪያ ሊወጣ ይችላል።

ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የታወቀች የዓርብ ገበያ ነበረች። ከታጁራ ባሕር ዳርቻ የሚመጣው ሲራራ የአፋርን በረሃ አቋርጦ እዚያ ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስም ገበያውን አይቶ ጽፎለታል። ከዚያው ብዙ ሳይርቅ፣ አብዱል ረሱል በሚባል ስፍራ፣ ሰው ይሸጥ ነበር። ይህንንም አብረን ማስታወስ አለብን፤ ገበያ ሰውን ስላገናኘ ብቻ ሰው ተከበረ ማለት አይደለም።

የእጅ ባለሙያውም ዕድል ይህን ያሳያል። ሸማውን የለበሰው ሰው ሸማኔውን ሰደበ፤ በማረሻው ያረሰው ቀጥቃጩን ቡዳ አለው። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን በሙያው መስደብ ከለከሉ። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከአንደበት ቶሎ አልጠፋም። የፈታይዋን ስም ደግሞ የጻፈው የለም።

በሩቅ አገር የሆነ አንድ ነገር እዚህ ላይ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1963 የአውስትራሊያ መንግሥት የይርካላን ነባር ሕዝብ መሬት ለማዕድን ማውጫ ሲሰጥ፣ ዮልንጉ የሚባሉት ባለአገሮች አቤቱታቸውን ዙሪያውን በራሳቸው ሥዕል ባስጌጡት የዛፍ ቅርፊት ላይ ለጥፈው ለፓርላማ ላኩ። ሥዕሉ መሬቱ የማን እንደሆነ የሚናገር ማስረጃቸው ነበር። ማዕድኑ መውጣቱ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ግን በሰሜኑ ግዛት የነባር ሕዝቦችን የመሬት መብት የሚያውቅ ሕግ ወጣ። የእጅ ሥራ ሰውን ከሰው የሚያስታርቀው የሠራው ሰው ባለቤት መሆኑ ሲታወቅ ነው።

እኛም ጋ ሰንበቴ አለች። እሑድ እሑድ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን፣ ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል፤ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው እዚያው ይገናኛሉ። የአፋር ሴቶች የሚሠሩት የሰሌን ምንጣፍ ለእነሱ ቤት ነው፤ ሲነሡ ጠቅልለው በግመል ይጭኑታል። ለእኛ ግን ብዙ ጊዜ በርካሽ የሚገኝ ዕቃ ብቻ ሆኖ ይታየናል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በሸዋ ሮቢት አካባቢ በደረሰው ግጭት ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። ለዘመናት አብሮ መገበያየታችን ብቻውን አላዳነንም። የጎረቤታችንን ዕቃ እናውቃለን፤ የሠራችውን ሴት ግን አናውቃትም።

ስለዚህ ለአባላትም ለደጋፊዎቻችንም የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በማኅበራችን በኩል የሚሸጥ ጋቢ ወይም ምንጣፍ የፈተለችው፣ የሸመነው ወይም የሠራችው ሰው ፈቃዱ ከሆነ ስሙና መንደሩ ይጻፍበት። ዋጋው ሲቆረጥ የፈታይዋ ድካም ይታሰብ። አረጋውያን እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ ሙያቸውን በየቋንቋቸው ጠይቀን እንመዝግብ። ድር ያለ ማግ ጨርቅ አይሆንም፤ ማጉን ማን እንደፈተለው ማወቅ ለጉርብትናችንም ይበጃል።