ኤርባስ ኤ350ን የሚያበሩ አየር መንገዶች

ኤርባስ ኤ350 ባለሁለት ሞተር የረጅም ርቀት የመንገደኞች አውሮፕላን ነው። ከአካሉ ከ50 በመቶ በላይ የሚሆነው ከቀላል ውህድ ቁስ የተሠራ በመሆኑ ነዳጅ ይቆጥባል።

አውሮፕላኑን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በቀዳሚነት የተረከበው የኳታር አየር መንገድ ነው፤ የቬትናም አየር መንገድና የፊንላንዱ ፊንኤር በ2015 ተከትለዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2016 ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኗል፤ ግዙፉን ኤ350-1000ም በ2024 ከአህጉሩ ቀድሞ ተረክቧል። የሲንጋፖር አየር መንገድ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ በልዩ ሥሪቱ ከ15 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ኒውዮርክ ድረስ በቀጥታ ይበራል።

ይሁንና የበረራው ርዝመት በሚነሣበት ስፍራም ይወሰናል። የሲንጋፖር አየር ማረፊያ ባሕር ዳር ሲሆን፣ ቦሌ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በከፍታ ስፍራ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያንሳቸዋል፤ በመሆኑም ከነዳጅ፣ ከመንገደኛ ወይም እንደ አበባ ካለው ጭነት መቀነስ ግድ ይላል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት ነዳጅ ለመሙላት በመንገድ ሲያርፍ፣ መልሱ ግን በቀጥታ የሚመጣበት ዋነኛ ምክንያት ይኸው ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲስ አየር ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ባለ ስፍራ መሆኑም ይህን ጫና ያቃልላል።