ጓያ፣ አፈርና ድስት

ወልዲያና መርሳ ያደግን ሁሉ «ከጓያው እንፋሎት ራቅ! ገለባውንም አትርገጥ!» ስንባል ኖረናል። ጉዳቱ ግን የሚመጣው ለወራት ጓያን ብቻ ከመብላት ነው። ከሐብሩ ቆላ ሽቅብ፣ ከወልዲያ በስተምዕራብ ባለው የደላንታና የዳውንት ደጋ፣ ከ1995 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ሌላው እህል ሲጠፋ ጓያው ቀረ። ከ2 ሺህ በላይ ሰው ሽባ ሆነ። መርዙ እግርን የሚያዙትን ነርቮች ይጎዳል፤ ከምርኩዝ የወደቀ አይመለስም።

ታዲያ ጥፋቱ የጓያ ብቻ ነው? ቤልጂጋዊው ተመራማሪ ፈርናንድ ላምባይንና ባልደረቦቹ በ1994 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ ዚንክ ያነሰውና ብረት የበዛበት አፈር በጓያው ውስጥ መርዙን ያበዛዋል። እነ ኃይለየሱስ ጌታሁን ደግሞ ደላንታ ሄደው፣ በሸክላ ድስት ብቻ የሚያበስለው ቤት ይበልጥ መጠቃቱን አገኙ። ሸክላው ነው ወይስ ድህነቱ? እኛ ወደ ድህነቱ እናደላለን፤ ብረት ድስት የሚገዛ ሰው እህልም ለመግዛት አያንስም። ጓያውን ከእህል ቀላቅሎ የበላው በእርግጥም ያነሰ ተጎድቷል። መቀላቀያው እህል ግን በዚያ ክፉ ቀን ከየት ይምጣ?