ጊዜም ወጪ ነው፦ ከኬንያ በቆሎ ታሪክ
ስለ ምርጥ ዘር ስናስተምር አዘውትረን የምናወሳው የምርቱን ብዛት ነው፤ የፈጀውን ዘመን ግን አንቈጥርም። ይሁንና ዘመኑም ወጪ ነው።

በኬንያ የኪታሌ ጣቢያ በቆሎን የማሻሻል ሥራ በ1955 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። የአገሩ በቆሎ ከኢኳዶር ከመጣ ዘር ጋር ተዳቅሎ ኤች 611 የተባለው ዲቃላ የወጣው በ1964 ነበር። ወጪው በየዓመቱ ሲከፈል ጥቅሙ 9 ዓመት ዘገየ።

ጠባዩ የጸና ወላጅ ዘር ለማግኘት ተክሉን በራሱ ብናኝ ከ6 እስከ 8 ትውልድ ማራባት ግድ ነበር። በ2013 ግን በናይሮቢ ቢሮ ያለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ ከኬንያ የእርሻ ምርምር ድርጅት ጋር በሞምባሳ መንገድ ኪቦኮ ላይ አዲስ ጣቢያ ከፈተ። በዚያም የክሮሞሶሙ ቍጥር በግማሽ የጐደለውን ተክል ክሮሞሶሙን በማጠፍ፣ የጸናው ዘር በ2 ትውልድ ይገኛል። የተረፈው ዓመት ሁሉ ጥቅሙን ለገበሬው ያቀርባል፤ በ2011 በኬንያ እንደታየው ያለ አዲስ የበቆሎ በሽታ ሲነሣም ቶሎ ለመድረስ ያስችላል።

ዳሩ ግን በ1986 የወጣውን ኤች 614 ዲ ብዙ ገበሬዎች ከ20 ዓመት በኋላም ይዘሩት ነበር። በምርምር የተረፈው ጊዜ ዘሩ ወደ ገበሬው እስኪደርስ ከባከነ ትርፉ ምኑ ላይ ነው? ስለዚህ ተማሪዎቻችን የተመራማሪውን ዓመታት ብቻ ሳይሆን፣ ዘሩ ከጣቢያ እስከ ማሳ የሚፈጀውንም እንዲቈጥሩ እናስተምራቸው።