በሬውን አስሮ የሄደና በሬውን ሸጦ የሄደ

ባለፈው ሰሞን ምሳ ላይ ተቀምጠን ስንከራከር አንዱ ጓደኛችን፣ «ገበሬው ሞፈሩን እየሰቀለ ከቀዬው ከወጣ ማን ሊያርስ ነው? ረሃብ የሚመጣው እኮ ከዚህ ነው» አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ነቀነቅሁ። ማታ ግን የእናቴ አባት ትዝ አሉኝና ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ።

አያቴ የዋድላ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አረሙ ተነቅሎ ክረምቱ ወጣ ሲል በሬዎቻቸውን ለወንድማቸው አደራ ብለው፣ በሶ ቋጥረው ወደ ሁመራ ይወርዱ ነበር። ጤፉ ለአጨዳ ሲደርስ ይመለሳሉ። መስከረም ማለት አዝመራው ያልደረሰበት፣ ጎተራው የተሟጠጠበት ወር ነው። እሳቸው ሲሄዱ ከቤቱ አንድ አፍ ይቀንሳል፤ ሲመለሱ ጨውና ልብስ፣ ደኅና ዓመት ከሆነም የጥጃ ዋጋ ይዘው ይመጣሉ። እንግዲህ ይህ መሄድ እርሻን መጣል ነው ወይስ ማረስ?

ሰቲት ሁመራ ከ1950ዎቹ ወዲህ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ሆነ። መሬቱን ትራክተር ያርሰዋል፤ ሰሊጡን የሚያጭደው ግን የሰው እጅ ነው። ሰሊጥ ጠባዩ አስቸጋሪ ነው፤ ፍሬውን የያዘው ሽፋን ሲደርቅ አፉን ይከፍትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ እጅ ያስፈልጋል። ይህም እጅ ከትግራይ፣ ከበጌምድር፣ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከኤርትራ ይመጣ ነበር። የቆላው አጨዳ ከደጋው ቀድሞ መድረሱ የሁለቱን አገር እርሻ አያይዞታል። ኑሮው ምቹ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ወባውና ካላዛሩ የፈጀው ሰው ብዙ ነው።

በ1965 ወሎ ሲራብስ? አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ በዚያ ዓመት ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የሚጫን እህል ነበር። የጠፋው የገበሬው የመግዣ አቅም ነው። ሰብሉ ሲከስምበት ከብቱን ገበያ አወጣ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲያወጣ ደግሞ የከብት ዋጋ ወደቀ። የአያቴ ወንድም በሬያቸውን የሸጡት ያን ጊዜ ነው። ሚስታቸውንና ልጃቸውን ይዘው ወደ ወልድያ፣ ወደ መኪናው መንገድ ወረዱ። «እንደ እርስዎ ለምን ሁመራ አልሄዱም?» ብዬ ብጠይቅ አያቴ፣ «ሁመራ የሚኬደው ስንቅ ሲኖር ነዋ» አሉኝ። በሚያዝያ 1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ አንስተው በግቢው ባሳዩት ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው ይኸኛው ተጓዥ ነው፤ በሬውን ሸጦ የወጣው። እኛ ደግሞ ሁለቱንም «ፍልሰት» ብለን ባንድ ቃል እንጠራቸዋለን።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። «መሬት ላራሹ» ከ1957 ጀምሮ የተማሪው ጥያቄ ስለነበር አዋጁን ስናነሳ ደረታችንን እንነፋለን፤ ለጭሰኛው ያደረገውንም ማንም አይክደውም። ነገር ግን ያው አዋጅ የአንድን ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወስኖ፣ ከጥቂት አቅመ ደካሞች በቀር ማንም ገበሬ ሰው ቀጥሮ እንዳያሠራ ከለከለ። ስለዚህኛው አንቀጽ በግቢያችን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። የሁመራ ትልልቅ እርሻዎች ፈረሱ ወይም የመንግሥት ሆኑ፤ በዚያ ላይ ጦርነቱ መጣ። መሬትም ከገበሬ ማኅበር አባልነት ጋር ስለታሰረ ከቀበሌው ርቆ የሚቆይ ሰው እርሻዬን አጣለሁ ብሎ መስጋት ጀመረ። ሰውየው መሬት አገኘ፣ መንገዱን አጣ። ቅጥር እንደገና የተፈቀደው በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

በመካከሉ 1977 አለ። መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ስድስት መቶ ሺሕ የሚጠጋ ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል አሰፈረ። ብዙው ተገዶ ነው የሄደው፤ ቤተሰብ ተለያየ፤ አምልጦ በእግሩ የተመለሰም ሞልቷል። በዚያው ዓመት ከትግራይ ብዙ ሕዝብ በእግሩ ሱዳን ገብቶ ነበር። ክረምቱ ሲቃረብ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩት፣ ከእርዳታው ጣቢያ ተነስተው፣ ገና ጦርነት ላይ ወዳለ አገራቸው ተመለሱ፤ ለምን ቢሉ፣ ሊዘሩ። ለጓደኛችን ማስረጃ አምጣ ብባል መጀመሪያ የማነሳለት ይህንን ነው።

በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲጀመር ወሩ የሰሊጥ አጨዳ ነበር። የአጎቴ ልጅ እዚያው ሥራ ላይ ነበርና ደሞዙን ሳይቀበል ሸሽቶ፣ ባዶ እጁን ዋድላ ገባ። አያቴ አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፁን ሲሰሙ አቅፈው ሳሙት። ስለ ጦርነቱ ሁሉም ሲጠይቀው እሳቸው ግን ዝም ብለው ቆዩና ወደ አጎቴ ዞረው፣ «በሬዎቹ አሉ?» አሉ።