ማኅተምና ቦይ

ታሪክ እናጠናለን ካልን አይቀር እስቲ ቦንጋ ላይ ቆመን እንጠያየቅ። የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር በ1889 ዓ.ም. ሲዘምትበት፣ የካፋው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ጥልቅ ቦዮቹንና ጫካውን ተመክቶ ነበር። ዜና መዋዕል ግን ቤተ መንግሥቱ አልተወልንም። ታዲያ ማስረጃው የት ነው? ቤተ መጻሕፍት ብንገባ የምናገኘው ኦስትሪያዊውን ፍሪድሪክ ቢበርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ካፋ ገብቶ፣ በ1920 እና በ1923 ሁለት ዳጎስ ያሉ ቅጾች አሳተመ፤ ያውም በጀርመንኛ! የቀረው ያለው በሽማግሌዎች አፍ፣ በካፊኖኖ፣ በዱሩም ውስጥ ነው። ለቦዩ አፈር የሚያውቅ፣ ለማዕረጉ ስም ቋንቋ የሚያውቅ ያስፈልጋል፤ የታሪክ ተማሪ ብቻውን የትም አይደርስ።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደየጠቅላይ ግዛቱ መላክ ጀምሮ ነበር። ብዙዎቹ አስተማሪ ሆነው ነው የከረሙት፤ ቢሆንም አገር አዩ። እኛስ? ለተግባር ልምምድ አንድ መሥሪያ ቤት ተመድበን ደብዳቤ ስንመዘግብና ማኅተም ስንመታ ሰነበትን። ከግቢው አጥር ማዶ አንድ አዛውንት፣ አያታቸው ስለ ቦዩ የነገሯቸውን ለመጣ ሁሉ ያጫውቱ ነበር። ነገ እንሄዳለን ስንል ልምምዱ አለቀ። የምስክር ወረቀቱንስ ተቀብለናል።